አዝማች የለውም

ለዜማ አልመጣሁም፤ ለማቀዝቀዣው ነው የተላክሁት፣
መሰላሉን በትከሻዬ፣ የመፍቻ ሻንጣውን በእጄ እንዳንጠለጠልሁት።
ሙሐረቅ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ በዱሮ ዕንቁ ነጋዴ ቤት
አራት ሰዎች ወረቀት ይዘው ይቀልጣሉ በሙቀት።
«አጥፋልን» አለችኝ ማሪቴስ፣ የሕፃናት ክፍል ነርሷ፣
«ያንጎራጉራል፤ ከቃናችን ያወጣናል»፤ ላቡ እየወረደ ከራሷ።

አጠፋሁት።
ኩርያን ጀመረ፣ የኬረላው ሒሳብ ሠራተኛ፤
አንድ ቃል፣ ቀጭን፣ ብቸኛ።
ቃሉ መሬት ሳይነካ ማሪቴስ ከላይ ቀለበች፣
ኡስታዝ ጃሲም ከሥር በጎርናና ድምፁ፤ እማዋይሽ መሐል ገባች።
እኛ ደብር መሪው ሳያበቃ ተቀባይ አፉን አይከፍትም፤
እነዚህ አንዱ በአንዱ ላይ ይሄዳሉ፣ ማንም ማንን አይረግጥም።

«አዝማቹ የቱ ጋ ነው?» አልሁ፣ መፍቻዬን እየጠረግሁ።
«ማድሪጋል አዝማች የለውም» አለኝ ጃሲም፣
«ቃሉ ሲለወጥ ዜማውም ይለወጣል፤ ያለፈው አይደገምም።»
የሥራ ውሌን አስታወሰኝ። ዝም አልሁ።

ከዚያ ወዲያ ማሽኑ በየዓርቡ ይበላሽ ጀመር።
(በማን እጅ እንደሚበላሽ እግዜርና እኔ እናውቃለን።)
ጥግ ተቀምጬ የጣልያኑን ወረቀት በዓይኔ መከተል ለመድሁ፦
«ሽቅብ» ሲል ድምፁ ደረጃ ይወጣል፣ «ማዕበል» ሲል ይዋልላል፣
«ሶስፒሮ» ሲል፣ ትንፋሽ ማለት ነው፣ ቃሉ ከሁለት ይቆረጣል፤
በስንጥቁ ውስጥ አየር ብቻ።
ጃሲም እዚያ ሲደርስ ይስቃል፦ «አያቴ የዕንቁ ጀልባ አቀንቃኝ ነበር፣
ጠላቂው ሲወርድ እምምም ይላል፤
ትንፋሽን ማን ይቆርጣል? ይቆጥቧታል እንጂ።»

እማዋይሽ የመሐሉን ድምፅ ነው የምትይዘው።
ከድልድዩ ማዶ፣ ሪፋ፣ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ታጸዳለች፤
ከሳምንቱ የራሷ ሁለት ሰዓት ናት፣ እሷንም ለዚህ ታመጣለች።
መስመሯ ለብቻው ቢሰማ ዜማ አይባልም፦
አንድ ቃና ላይ ይቆማል፣ ጎረቤቱ ሲራመድ አይራመድም፤
ይጋጫል። ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ጆሮን ይቆረቁራል።
ከዚያ አንዲት እርምጃ ዝቅ ትላለች፣
ሁሉም እንደ መቀነት ቋጠሮ ይፈታል።
«ቁስሉን የማቆየው እኔ ነኝ» አለችኝ አንድ ቀን፣
«ባላቆየው ምኑ ይድናል?»

ጥቅምት ላይ ቀረች። እመቤቷ እንግዳ መጥቶባታል፤ ዓርብ የለም።
ሦስቱ ዘፈኑ፦ ጣራ አለ፣ መሠረት አለ፣ ግድግዳው የት ሄደ?
አልተሳሳቱም።
የሚጋጭ ስላልነበረ ግን የሚታረቅ አልነበረም።

በሦስተኛው ሳምንት ስልኬ ጮኸ።
ድምፅ ማጉያውን ከፍቼ መሰላሉ ላይ አስቀመጥሁት።
የሳሕን ኳኳታ፣ የቧንቧ ውሃ፣ ከዚያ ሹክሹክታ፦
«ጀምሩ፣ እከተላለሁ።»
አራቱም አንድን ቃል ባንድ ምት የሚሉበት ቦታ ደረሱ።
ሦስቱ አሉት።
የእሷ መጣ፣ መስመሩ አዘግይቶት፣ ከግማሽ ትንፋሽ በኋላ።
ኩርያን ሊያስቆም እጁን አነሣ፤
ጃሲም ክንዱን ያዘው። «ተወው።»
አብሮ ሊባል የተጻፈው ቃል እየተከታተለ ገባ፣
ማሪቴስ ወረቀቱን አጠፈችው፤ ወደ መሰላሉ ዞረች፣
ወደ ሰው እንደሚዞሩ።

ሦስቱ ጨርሰው ዝም ሲሉ
እሷ ገና አንድ ቃና ቀርቷት ነበር።
በቧንቧው ድምፅ መሐል ብቻዋን ይዛው ቆየች፣ ቆየች፣
ዝቅ አለች።
አንድ ሰው በዐረብኛ ስሟን ጠራ። መስመሩ ተቋረጠ።

ማቀዝቀዣውን ክፈት ያለኝ የለም።